ሳይመለስ የቀረ ብድር፦ የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ ታሪክና የመዝገብ ጉዳይ



በሰርቨር ክፍሎች ውስጥ ከሁሉም የቆየ አንድ መድኃኒት አለ፤ «አጥፋውና አብራው» ይባላል። ስዊቹ ሲዘገይ፣ ከርቀት ሲጠሩት አልመልስ ሲል፣ ባለሙያው ይነቅለዋል፤ ጥቂት ይጠብቅና መልሶ ይሰካዋል። መሣሪያው ተነሥቶ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ቅሬታውም ይበርዳል። የዛሬው ንግግሬ ይህ መድኃኒት ስለሚያስታግሠው ሕመምና አብሮ ስለሚያጠፋው ማስረጃ ነው። ሕመሙ የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ ነው፤ ባለሙያዎቻችን በዕለት ንግግራቸው «ሜሞሪ ሊክ» የሚሉት።

ላስረዳ የምፈልገው ነገር አጭር ነው። የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ በአንድ ቅጽበት ሲመለከቱት የማይታይ፣ በጊዜ ርዝመት ብቻ የሚገለጥ ጥፋት ነው። ስለዚህ ታሪኩ የፕሮግራም ስሕተቶች ታሪክ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ማን መዝገብ ያዘ፣ ማንስ ሳይመዘግብ አጥፍቶ አስነሣ የሚለውም ታሪክ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

መበደርና መመለስ

ሮበርት ሜትካፍ በ1973 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል የኢተርኔትን ሐሳብ በጽሑፍ ካሰፈረ በኋላ፣ በአንድ መረብ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ለረጅም ጊዜ አንዱን መስመር ሲሻሙ ኖረዋል። በ1990 ካልፓና የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ባለ7 ወደብ የኢተርኔት ስዊች ለገበያ አቀረበ፤ ኩባንያውንም በ1994 ሲስኮ ገዛው። ስዊቹ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ብሪጅ ከሚባሉት መሣሪያዎች የወረሰው አንድ ችሎታ አለ፤ የትኛው ኮምፒውተር በየትኛው ወደብ በኩል እንዳለ ራሱ እያስተዋለ ይማራል፤ የተማረውንም በሠንጠረዥ ይይዛል።

የዚህ ሠንጠረዥ ንድፍ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። ንድፍ አውጪዎቹ ለመማር ብቻ ሳይሆን ለመርሳትም ሕግ ሠርተዋል። 802.1ዲ በሚባለው የአይ ትሪፕል ኢ ደረጃ መሠረት፣ አንድ ኮምፒውተር ለ300 ሰከንድ ያህል ድምፁ ካልተሰማ አድራሻው ከሠንጠረዡ ይፋቃል። ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ፣ በሩን ከፍቶ የገባ እንግዳ ሁሉ ስሙ ለዘላለም ሰፍሮ፣ ቦታው ለአዲስ መጪ ባልበቃ ነበር።

ይሁንና በስዊች ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ ብቻውን አይኖርም። ከጎኑ አንድ ሙሉ የሥርዓተ ክወና ሶፍትዌር ይሠራል፤ የአስተዳዳሪውን መግቢያ ይቀበላል፣ መልእክቶችን ይመዘግባል፣ በመረቡ ውስጥ ዑደት እንዳይፈጠር ይጠብቃል፣ ለተቆጣጣሪ ሰርቨሮች ጥያቄ ይመልሳል። እያንዳንዱ ሥራ ከጋራው ማኅደረ ትውስታ ቁራሽ ይበደራል፤ ሲጨርስ ደግሞ መመለስ አለበት። ተበድሮ የማይመልስ፣ የተበደረውንም የት እንዳኖረ የሚዘነጋ ፕሮግራም አፈሰሰ ይባላል።

የቤተ መጻሕፍትን ነገር አስቡ። ሠራተኛው መጽሐፍ ያውሳል፤ የተዋሹን ስም የያዘው ካርድ ግን ይጠፋል። መጽሐፉ ከመደርደሪያው የለም፤ ተመለስ ለማለትም ማን እንደወሰደው አይታወቅም። አንድ መጽሐፍ ቢሆን ማንም አያስተውል። በየቀኑ አንድ ካርድ ከጠፋ ግን፣ አንድም ሌባ ሳይገባ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል።

ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ?

ይህ ጥያቄ በኮምፒውተር ሳይንስ ዘንድ ጥንታዊ ነው። ጆን ማካርቲ ስለ ሊስፕ ቋንቋ በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ፕሮግራመሩ ስለ መመለስ እንዳይጨነቅ፣ ማንም የማይደርስባቸውን የማኅደረ ትውስታ ክፍሎች ማሽኑ ራሱ ፈልጎ የሚሰበስብበትን ዘዴ ገለጹ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ኮሊንስ ሌላ መንገድ አቀረቡ፤ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ባለጉዳይ እንዳለው ይቈጠር፣ ቍጥሩ ዜሮ ሲደርስም ይለቀቅ የሚል። ስለዚህ መፍትሔው ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም።

ነገር ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች በዴኒስ ሪቺ የተሠራው የሲ ቋንቋ ሸክሙን በፕሮግራመሩ ጫንቃ ላይ ተወው። የጠየቀ ይሰጠዋል፤ የጨረሰ ይመልሳል፤ የረሳውን የሚያስታውስለት የለም። የምርጫው ምክንያት ግልጽ ነበር። ማሽኖቹ ትንንሽ ነበሩ፤ ፍጥነትም ይፈለግ ነበር፤ ቆሻሻ ለመሰብሰብ ሥራን በየመካከሉ ማቋረጥ ውድ ነበር። የመረብ መሣሪያዎች ሶፍትዌር በብዛት የተጻፈው በዚህ ቋንቋ ነው። ለዓመታት በዓለም ላይ በስፋት ያገለገለው የሲስኮ አይ ኦ ኤስ ደግሞ ሂደቶቹን ሁሉ በአንድ የጋራ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚያኖር ነበር፤ በመካከላቸው አጥር አልነበረም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የአንዱ መዘንጋት የሁሉም ረኀብ ይሆናል።

ያላረጁት መልእክቶች

በመረብ መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ ስለ መርሳት የሚያስተምረን ቀደምት ክሥተት የደረሰው በኦክቶበር 27 ቀን 1980 ነው። የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት በዚያን ቀን ለበርካታ ሰዓታት ቆመ። የሆነውን ኤሪክ ሮዘን በ1981 ባወጡት ዘገባ በዝርዝር ጽፈውታል።

የመረቡ መስቀለኛ ኮምፒውተሮች ስለ መስመሮቻቸው ሁኔታ እርስ በርሳቸው መልእክት ይላላካሉ። መልእክቶቹ ተራ ቍጥር አላቸው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይጣላል። ቍጥሩ ከ0 እስከ 63 ደርሶ እንደ ሰዓት ዞሮ ስለሚመለስ፣ አዲስና አሮጌ የሚለዩት በክቡ ላይ ባላቸው ርቀት ነበር። በዚያ ቀን በሃርድዌር ብልሽት ከአንድ ቍጥር ላይ ቢቶች ወደቁ፤ ከአንድ ኮምፒውተር የመጡ 44፣ 40 እና 8 የሚል ቍጥር የያዙ ሦስት መልእክቶች በአንድ ጊዜ በመረቡ ውስጥ ተገኙ። በክቡ ስሌት 44 ከ40 አዲስ ነው፤ 40 ከ8 አዲስ ነው፤ 8 ደግሞ ከ44 አዲስ ነው። እንግዲህ አሮጌ የሚባል አልነበረም። ሦስቱም እየተባዙ የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ወረፋና ጊዜ ሞሉት።

ይህ ክሥተት በጥብቅ ትርጕሙ የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ግን ነው፤ መጣል የነበረበት ነገር ሳይጣል የቀረበት ነውና። ለርእሳችን የሚጠቅመው ደግሞ አጥፍቶ ማስነሣት የከሸፈበት ጉዳይ መሆኑ ነው። አንዱን ኮምፒውተር ብቻ ብታጠፉና ብታስነሡ፣ ጎረቤቶቹ እነዚያኑ መልእክቶች መልሰው ያቀብሉታል። መፍትሔው የተገኘው መሐንዲሶቹ በወረፋው ውስጥ የተከማቸው ምን እንደሆነ ካወቁ በኋላ፣ ከዚያ ከአንዱ ኮምፒውተር የሚመጡትን መልእክቶች ሌሎቹ ሁሉ ችላ እንዲሉ በማድረግ ነበር። መዳን የመጣው የተከማቸውን ከመመርመር ነው።

ለንደን፣ 1992

ሁለተኛው ታሪክ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት በዚያ ዘመን ለ6.8 ሚሊዮን ያህል ነዋሪዎች የቆመ፣ በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 ጥሪ የሚቀበል ተቋም ነበር። በኦክቶበር 26 ቀን 1992 አምቡላንሶችን በኮምፒውተር የሚያሠማራ አዲስ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አዋለ። ሥርዓቱ በሁለት ቀን ውስጥ ተዝረከረከ፤ አምቡላንሶች ዘገዩ፤ ሠራተኞቹም ግማሹን ሥራ ወደ ወረቀት መለሱት። ይህ የመጀመሪያው ውድቀት ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ ግን አልነበረም።

ፍሳሹ የመጣው በኋላ ነው። በኖቬምበር 4 ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሥርዓቱ ዘገየ፤ ጥቂት ቆይቶም ፈጽሞ ቆመ። በዚህ ጊዜ አጥፍቶ ማስነሣትም አልሠራም። ቀጥሎ ሥራውን መረከብ የነበረበት ተተኪ ሰርቨር አልተረከበም። ሠራተኞቹም ሙሉ በሙሉ ወደ ወረቀትና ወደ ድምፅ ሬዲዮ ተመለሱ።

በፌብሩዋሪ 1993 የወጣው የአጣሪ ቡድኑ ዘገባ መንሥኤውን በጥቂት መስመር አስቀምጦታል። ከሦስት ሳምንት ያህል በፊት አንድ ፕሮግራመር በሥርዓቱ ላይ ሲሠራ ሳያስበው ትንሽ ኮድ ትቶ ነበር። አንድ አምቡላንስ በታዘዘ ቍጥር ይህ ኮድ ከሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ ጥቂት ይወስዳል፤ አይመልስም። ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ፣ ቀን በቀን ላይ ተደምሮ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀረ ቦታ አልነበረም።

ከዘገባው ሁሉ ለእኔ ከባዱ ነጥብ ይህ አይደለም። አጣሪዎቹ የፕሮግራሙን ለውጥ ጥራት አለመቈጣጠርን ነቅፈዋል፤ ነገር ግን ስሕተቱ በጠባዩ በተለመደው የፕሮግራመርም ሆነ የተጠቃሚ ፍተሻ የመገኘቱ ዕድል ጠባብ እንደነበረም ጽፈዋል። ፍተሻ በአንድ ከሰዓት ይፈጸማል፤ ፍሳሽ ግን ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በተፈተነ ጊዜ ሁሉ ፕሮግራሙ ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል። የተፈተነው መልሱ ነበር፤ የጠፋው ግን ከመልሱ በስተጀርባ ሳይመለስ የቀረው ቁራሽ ነበር። በየቀኑ አንድ ጊዜ ነጻውን ማኅደረ ትውስታ በደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ወደ ታች የሚወርደውን ቍጥር ባየ ነበር።

መዝገብ የሚያዝበት መንገድ

በዚያው በ1992 ሪድ ሄስቲንግስና ቦብ ጆይስ ፒውሪፋይ ስለተባለው መሣሪያቸው ጽሑፍ አቀረቡ፤ የሲ ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ የሚያፈስስበትን መስመር የሚያመለክት መሣሪያ ነበር። ሄስቲንግስ በኋላ ከኔትፍሊክስ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ሰው ናቸው። በ2002 ደግሞ የጁሊያን ሲዋርድ ቫልግሪንድ በነጻ ለሁሉም ተሰጠ። እነዚህ የፕሮግራመሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሥራውን እጅግ ያዘገያሉ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ መቶ ቢሮ የሚያገለግል ስዊች ግን በእነርሱ አይመረመርም። ለእርሱ ሌላ መንገድ አስፈለገ።

መንገዱ በ1988 የወጣው ኤስ ኤን ኤም ፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ነው። በዚህ ፕሮቶኮል አንድ ተቆጣጣሪ ሰርቨር እያንዳንዱን መሣሪያ «አሁን ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሣሪያውም ቍጥር ይመልሳል። ፕሮቶኮሉ በራሱ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ አሁን ነው። ትናንትን የጨመረው በ1995 ቶቢያስ ኦቲከር ያወጣው ኤም አር ቲ ጂ ነው። ኦቲከር የተነሣበት ችግር ቀላል ነበር፤ በሚሠራበት ተቋም ወደ ውጭ የሚያወጣው መስመር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ብቻ ነበርና፣ ሰዎች የመስመሩን መጨናነቅ ሁኔታ ማወቅ ይፈልጉ ነበር። ፕሮግራሙ በየ5 ደቂቃው ይጠይቃል፤ መልሱን በቀን፣ በሳምንት፣ በወርና በዓመት ሥዕል ያስቀምጣል። ለመስመር መጨናነቅ የተፈለሰፈው ይህ ሥዕል ለማኅደረ ትውስታም አገለገለ፤ ያኔ ፍሳሽ ለተራው ባለሙያ ዓይን በመስመር መልክ ታየ።

ሥዕሉን ማንበብ

ሦስት ዓይነት መስመሮችን መለየት ይበቃል። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ የሚረጋ ነው፤ መሣሪያው ሲነሣ ይበደራል፣ ከዚያ በልኩ ይኖራል። ይህ ጤነኛ ነው። ሁለተኛው በአንድ ቀን ደረጃ ወጥቶ በዚያው የሚቀር ነው፤ አዲስ አገልግሎት ተጨምሯል ማለት ነው። ሦስተኛው ቀንም ሌሊትም፣ በሥራ ቀንም በበዓልም፣ ሳይረጋ የሚወጣ ዳገት ነው። ልንጠረጥረው የሚገባን ይህንን ነው።

እስቲ ለምሳሌ እናስላ። አንድ ስዊች ለተቆጣጣሪው በመለሰ ቍጥር 1 ኪሎባይት ይፈስሰዋል እንበል። በየ5 ደቂቃው የሚጠየቅ ከሆነ በቀን 288 ጊዜ ይጠየቃል፤ 288 ኪሎባይት ይጠፋል። 50 ሜጋባይት ነጻ ቦታ ካለው ለ178 ቀናት ያህል፣ ማለትም ለስድስት ወር ገደማ ይቆያል። ሁለተኛ ተቆጣጣሪ ሰርቨር ቢጨመር 89 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው ሊጠይቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ «ዳገቱ መቼ ጀመረ? በየትኛው ቀን ተባባሰ? በዚያ ቀንስ ምን ተለወጠ?» የሚል ነው። ይህ የታሪክ ተመራማሪ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ወደ መሣሪያው መግባት ነው። በአይ ኦ ኤስ ላይ «ሾው ፕሮሰስስ ሜሞሪ» የሚለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ሂደት ምን ያህል እንደተበደረ፣ ምን ያህል እንደመለሰ፣ አሁን ምን ያህል እንደያዘ ያሳያል። አንድ ጊዜ ማየት አይጠቅምም፤ ብዙ የያዘ ሂደት ሁሉ አጥፊ አይደለምና። ዛሬና ከሳምንት በኋላ የተወሰዱትን ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይዞታው ብቻውን ያደገውን መፈለግ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ «ሙት» ተብሎ የተጻፈ መስመርም አለ፤ ራሳቸው ያለቁ፣ የተበደሩት ግን ሳይመለስ የቀረ ሂደቶች ድምር ነው። የሙታን ዕዳ ልንለው እንችላለን። ደግሞም ጠቅላላው ነጻ ቦታ ብዙ ሆኖ ትልቁ ያልተከፋፈለ ቁራሽ ትንሽ ከሆነ፣ ሕመሙ ፍሳሽ ሳይሆን መበጣጠስ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

በማኅደረ ትውስታ እጥረት የሚመጣ ሁሉ ፍሳሽ እንዳልሆነ የኦገስት 12 ቀን 2014 ክሥተት ያስታውሰናል። በዚያ ቀን የዓለም የኢንተርኔት መንገዶች ዝርዝር 512 ሺህ የሚባለውን ልክ አለፈ፤ በልዩ ማኅደረ ትውስታቸው ከዚያ በላይ መያዝ የማይችሉ አሮጌ ራውተሮችም ተሰናከሉ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ ባለቤት ነበረው፤ አንድም የተዘነጋ አልነበረም። እድገት ነበር። ዳገቱ ለዓመታት በግልጽ ይታይ ስለነበር ግን፣ ለዚህም መፍትሔው ያው መዝገቡን ማንበብ ነበር።

ጠባቂው ሲያፈስስ

መቆጣጠሪያ መኖሩ ብቻ ዋስትና እንዳልሆነ ደግሞ ኦክቶበር 22 ቀን 2012 አሳየ። በአማዞን የደመና አገልግሎት፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክልል፣ መረጃ የሚሰበስብ አንድ ሰርቨር ተበላሽቶ ተተካ። የአድራሻው ለውጥ ግን ለሁሉም አልደረሰም። በማከማቻ ሰርቨሮች ላይ ያለው ሪፖርት አቅራቢ ፕሮግራም የሌለውን ሰርቨር ደጋግሞ ይጣራ ጀመር፤ በእያንዳንዱ ሙከራም ማኅደረ ትውስታ ይፈስስ ነበር። ኩባንያው ራሱ ባወጣው ማብራሪያ እንደገለጸው፣ የእያንዳንዱ ሰርቨር ጠቅላላ የማኅደረ ትውስታ አጠቃቀም ይታይ ነበር፤ ሆኖም ሰርቨሮቹ በጤናቸውም ያላቸውን ሁሉ ስለሚጠቀሙ፣ ጠቅላላው ቍጥር የማስጠንቀቂያ ደወል ለመደወል አላስቻለም።

ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ጠቅላላ ድምር የአጥፊውን ስም ይሸፍናል፤ መዝገብ በየሂደቱ መያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ የሚጠብቀውም ፕሮግራም ተበዳሪ ነው፤ እርሱም መመዝገብ አለበት።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ስለ ራሳችን ሁኔታ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። መብራት በሚቈራረጥበት ቦታ፣ መጠባበቂያ ኃይል የሌለው ስዊች በየጊዜው ሳይፈልግ ይጠፋል፣ ይነሣል። ስለዚህ ስድስት ወር የሚፈልግ ፍሳሽ አንድም ቀን አይታይም። አንድ ተቋም ባትሪና ጄኔሬተር ሲገዛ ግን፣ ያው ስዊች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቋረጥ ወራት ይሠራል፤ ያን ጊዜ የቆየው ፍሳሽ ይገለጣል። ሰው ሁሉ አዲሱን ባትሪ ይጠረጥራል። ባትሪው ግን ያደረገው ሕመሙ እንዲታይ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ መሣሪያዎችን በየሳምንቱ አጥፍቶ የማስነሣት ልማድ አለ። እኔ ልማዱን ፈጽሞ አልኮንንም፤ የተስተካከለ ሶፍትዌር እስኪመጣ ድረስ ሆስፒታልን ወይም ምዝገባን ማስተጓጐል አይገባም። የምለምነው ግን ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት የሂደቶቹን ዝርዝር፣ የነጻውን ቦታና የትልቁን ቁራሽ መጠን፣ የመልእክት መዝገቡን፣ የሶፍትዌሩን እትምና መሣሪያው ከተነሣ ስንት ቀን እንደሆነው ገልብጡ፤ ከመሣሪያው ውጭም አስቀምጡ። ማኅደረ ትውስታው ፈጽሞ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ያን ጊዜ መሣሪያው መግቢያ ሊከለክላችሁ፣ ትእዛዛችሁንም ለመፈጸም የሚበደረው ቦታ ሊያጣ ይችላልና። በዚህ ማስረጃ ወደ አምራቹ የሚሄድ ባለሙያ መልስ ያገኛል፤ «አንዳንዴ ይቆማል» ብሎ የሚሄድ ግን «አጥፉትና አብሩት» ተብሎ ይመለሳል።

ለተማሪዎቼ ደግሞ ይህን ልጨምር። ስትጽፉ ለምትበደሩት ሁሉ የመመለሻውን መስመር በዚያው ሰዓት ጻፉ፤ በተለይም ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር በሚኬድበት መንገድ ላይ። በአማዞን የሆነውን አስታውሱ፤ ፍሳሹ የነቃው ጥሪው መልስ ባጣ ጊዜ ነው። ስትፈትኑም መልሱን ብቻ አትፈትኑ፤ ፕሮግራሙን መቶ ሺህ ጊዜ አስኬዱትና የያዘው ማኅደረ ትውስታ ወደ ነበረበት መመለሱን እዩ። የለንደኑ ኮድ በዚህ ዓይነት ፈተና ቢያልፍ ኖሮ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ባላስፈለገ ነበር።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።